ስሞቹ እስኪያልቁ፦ የፊልም መክፈቻ ልብ የሚያንጠለጥለው እንዴት ነው?

በልጅነቴ ሰፈራችን ውስጥ አንድ ቪዲዮ ቤት ነበር። መስኮቱ በጥቁር ጨርቅ ተጋርዶ፣ አግዳሚ ወንበሩ ላይ ትከሻ ለትከሻ ተጠጋግተን፣ በአንድ ብር ሁለት ፊልም እናይ ነበር። አጫዋቹ ሪሞቱን ከእጁ አያወጣም። የተዋንያን ስም መምጣት ሲጀምር «ጽሑፍ ነው» ይልና ወደፊት ያስሮጠዋል። ምስሉ ይቆራረጣል፣ ፊደላቱ እንደ ዝናብ ይወርዳሉ፣ ከዚያ በእሱ አባባል «ፊልሙ» ይጀምራል። ጊዜ ያተረፈልን ስለሚመስለን ማንም ተቃውሞት አያውቅም።

የዴቪድ ፊንቸርን «ሰቨን» መጀመሪያ ያየሁት እንደዚያ ነው። ከዓመታት በኋላ ያንኑ ፊልም ሳይቆረጥ አየሁት። አጫዋቹ ያስሮጣት ሁለት ደቂቃ ገደማ ፊልሙን ሌላ ፊልም አደረገችው። መጀመሪያ ያየሁት የሁለት መርማሪዎችን ታሪክ ነበር። በሁለተኛው ጊዜ ግን መርማሪዎቹ ገና የማያውቁትን ሰው እጅ ቀድሜ አይቼዋለሁ፤ ስለዚህ እነሱ ወደ ገቡበት ቤት ሁሉ ከእነሱ በፊት እፈራ ጀመር። ከዚያን ጊዜ ወዲህ የፊልም መክፈቻ ታይትሎችን እየደጋገምኩ አያለሁ። ይህ ዳሰሳም የሚያነሣው አንድ ጥያቄ ነው፦ የስም ዝርዝርን የመሰለ ደረቅ ነገር የሰውን ልብ የሚሰቅለው በምን ብልሃት ነው? የምጠቅሳቸው ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

መጋረጃው ሳይገለጥ

የስም ዝርዝሩ ሲጀመር የጥበብ ጉዳይ አልነበረም። ከድምፅ አልባ ፊልሞች ዘመን ጀምሮ ስሞቹ ካርድ ላይ ይጻፉና በካሜራ ተነሥተው ከፊልሙ ፊት ይቀጠሉ ነበር። ዓላማው ማን ምን እንደሠራ ማስታወቅና የባለሙያዎቹን ውል ማክበር ነው። ተመልካቹም በዚያች ሰዓት ወንበሩን ይፈልጋል፣ ካፖርቱን ያወልቃል፣ ከጎኑ ያለውን ሰላም ይላል። በአሜሪካ ሲኒማ ቤቶች የመድረኩ መጋረጃ ገና ሳይገለጥ ስሞቹ ጨርቁ ላይ ሲያልፉ ማየት የተለመደ ነበር።

በ1955 ይህን ልማድ የሚሰብር ፊልም መጣ። ኦቶ ፕሪሚንጀር ያዘጋጀው «ዘ ማን ዊዝ ዘ ጎልደን አርም» ፍራንክ ሲናትራ እንደ ሄሮይን ሱሰኛ የተወነበት ሥራ ነው። ፊልሙ ታሽጎ ወደ ሲኒማ ቤቶች ሲላክ አጫዋቾቹ መጋረጃውን ከስሞቹ በፊት እንዲገልጡ የሚያዝ ማስታወሻ ተለጥፎበት ነበር። ታይትሉን የሠራው በኒውዮርክ ብሮንክስ የተወለደው ሠዓሊና ዲዛይነር ሶል ባስ ነው። ጥቁር መደብ ላይ ነጫጭ ዘንጎች እየወረዱ፣ እየተሻገሩ፣ እየተገጣጠሙ ከስሞቹ ጋር ይሄዳሉ፤ በመጨረሻ ተጣምሞ የተዘረጋ የሰው ክንድ ይሆናሉ። የኤልመር በርንስታይን ጃዝ ከሥር እየመታ፣ ተመልካቹ ስለ ታሪኩ አንዲት ቃል ሳይሰማ አንድ ነገር ያውቃል፤ ይህ ክንድ ታሟል።

ባስ ያስተማረው ይህንን ነው። መክፈቻው ታሪኩን አይነግርም፤ ታሪኩ የሚነካውን ቦታ ቀድሞ ያሳምመዋል። ከዚያ በኋላ በመጡት ዓመታት ሌሎች ባለሙያዎች በየራሳቸው መንገድ ሄዱበት። መንገዶቹን አንድ በአንድ እንያቸው።

ዕዳ የሚያስገባ ሙዚቃ

አልፍሬድ ሂችኮክ ስለ ውጥረት ለፈረንሳዊው ዳይሬክተር ፍራንስዋ ትሩፎ ያስረዳው ነገር በፊልም ትምህርት ቤት ሁሉ ይነገራል። ጠረጴዛ ሥር ያለ ቦምብ ሳይታሰብ ቢፈነዳ ተመልካቹ ለጥቂት ሴኮንድ ይደነግጣል። ቦምቡ መኖሩን ተመልካቹ ቀድሞ ካወቀና ሰዎቹ ሳያውቁ ስለ ተራ ነገር እያወሩ ከተቀመጡ ግን ያው ወሬ ሙሉውን ጊዜ ልብ ያስጨንቃል። ውጥረት የሚወለደው ከማወቅ ነው፤ ሁሉን ሳይሆን ግማሹን ከማወቅ።

ሂችኮክ ከባስ ጋር ሲሠራ ይህን ሐሳብ ወደ መክፈቻው አመጣው። በ1958ቱ «ቨርቲጎ» የአንዲት ሴት ፊት በቅርበት ይታያል፤ ከንፈሯ፣ ቀጥሎ ዓይኖቿ፣ በኋላም አንድ ዓይኗ ብቻ። ሸራው ደም ይለብሳል፤ ከዓይኗ ብሌን ውስጥም ጆን ዊትኒ በመሣሪያ የሠራቸው ጥምዝ መስመሮች እየተሽከረከሩ ይወጣሉ። የበርናርድ ኸርማን ሙዚቃም ወጣ ወረድ እያለ እዚያው ይዞራል፤ የሚያርፍበት ቦታ የለውም። ፊልሙ ከገባ በኋላ ያ ጥምዝ ተመልሶ ይመጣል። አንዴ የሴቲቱ ፀጉር ሆኖ ማጅራቷ ላይ ይጠቀለላል፤ ሌላ ጊዜ የደወል ቤቱ ደረጃ ሆኖ ወደ ላይ ይወጣል። ዓይናችን ቅርጹን ስለሚያውቀው ምክንያቱን ሳናውቅ ራሳችን ይዞራል።

የ1960ው «ሳይኮ» ከዚህም ይብስ ቁጥብ ነው። ቀጫጭን ዘንጎች ከግራና ከቀኝ፣ ከላይና ከታች እየተወረወሩ ይገባሉ፤ ስሞቹን ይሰነጥቃሉ፣ ግማሽ ፊደል ወደዚህ ግማሽ ፊደል ወደዚያ ያንሸራትታሉ፣ ይገጥሟቸዋል፣ መልሰው ይበትኗቸዋል። ኸርማን ለፊልሙ የተጠቀመው ባለ አውታር መሣሪያዎችን ብቻ ነው፤ መለከት የለም፣ ከበሮ የለም። ቫዮሊኖቹ እንደሚሮጥ ሰው ትንፋሽ ይቆራረጣሉ። ከዚያ ታሪኩ በረጋ ከሰዓት፣ በአንድ ሆቴል ክፍል ይጀመራል። ምንም የሚያስፈራ ነገር የለም፤ ተመልካቹ ግን ያ ሩጫ ከየት መጣ እያለ ይጠብቃል። ዋናዋ ገጸ ባሕርይ ማሪዮን 40,000 ዶላር ሰርቃ በዝናብ ሌሊት መኪና ስትነዳ ያው የመክፈቻ ሙዚቃ ይመለሳል። መክፈቻው ያበደረንን ፍርሃት ፊልሙ እየሰበሰበ ነው። ማሪዮን የምትገደልበት መታጠቢያ ቤት ጋ ስንደርስ ወለዱ ከዋናው በልጧል።

ፊት የሌለው እጅ

ሁለተኛው መንገድ በዕቃና በእጅ የሚሠራ ነው፤ ባለቤቱን ሳያሳዩ ንብረቱን ማሳየት። ሁለት ፊልሞችን ጎን ለጎን ላስቀምጥ። የአንዱ መንፈስ ከሌላው እንደ ቀንና ሌሊት የራቀ ቢሆንም ብልሃታቸው አንድ ነው።

በ1962ቱ «ቱ ኪል ኤ ሞኪንግበርድ» እስጢፈን ፍራንክፈርት የሠራው መክፈቻ አንዲት ሕፃን ለራሷ ስታንጎራጉር ያሰማናል። የዕቃ ሣጥን ይከፈታል። ካሜራው ውስጡን በጣም ተጠግቶ፣ እንደሚዳብስ ጣት እየተንሸራተተ ያየዋል፤ የኪስ ሰዓት፣ ብይ፣ የከለር እርሳስ፣ ከሳሙና የተቀረጹ ትንንሽ አሻንጉሊቶች። እጇ ወረቀት ላይ ከለሩን ስትፈትግ የፊልሙ ርእስ ከሥር ብቅ ይላል። ወፍ ትሥላለች፤ በመጨረሻም ወረቀቱን ትቀድደዋለች። ሁሉም የልጅ ጨዋታ ነው፤ ያ የመጨረሻው መቅደድ ግን ሆድ ያባባል። ፊልሙ ውስጥ ስንገባ ዕቃዎቹን አንድ ጎረቤት ከዛፍ ግንድ ቀዳዳ ውስጥ ለልጆቹ እየደበቀ እንዳስቀመጠላቸው እንረዳለን። ልጆቹ እንደ አውሬ የሚፈሩት ያው ሰውዬ ነው። እኛ ደግነቱን ፊቱን ሳናይ በፊት በእጃችን ዳብሰነዋል።

በ1995ቱ «ሰቨን» ደግሞ መርማሪው ሶመርሴት በጫጫታው ከተማ እንቅልፍ እንዲወስደው ሜትሮኖም አስነሥቶ ይጋደማል። ቀጭ፣ ቀጭ፣ ቀጭ። ከዚያ ካይል ኩፐር የሠራው ታይትል ይገባል። ከቅርብ እንየው። ምላጭ በጣት ጫፍ ላይ ሄዶ ቆዳ ይልጣል። መርፌና ክር የደብተር ገጾች ይሰፋል። በጣም ጥቃቅን በሆነ የእጅ ጽሑፍ የታጨቀ ገጽ ያልፋል። ፎቶግራፍ ይቆረጣል፣ ቃል በጥቁር ቀለም ይደለዛል። የባለሙያዎቹ ስሞች ራሳቸው በሹል ነገር የተቧጨሩ ይመስላሉ፤ ይንቀጠቀጣሉ፣ ይዘላሉ፣ በደንብ ሳናነባቸው ይጠፋሉ። የናይን ኢንች ኔይልስ ዘፈን ተበላሽቶና ተፈጭቶ ከሥር ይፈጫል። ፊት የለም። እጅ ብቻ፣ ያም ሥራውን የሚወድ፣ የማይቸኩል እጅ።

እዚህ ላይ በጸጥታ የተሠራ ሌላ ነገር አለ። ገዳዩን የተጫወተው ኬቪን ስፔሲ በጊዜው የታወቀ ተዋናይ ቢሆንም ስሙ መክፈቻው ላይ የለም። ቢኖር ኖሮ ተመልካቹ «መቼ ነው የሚመጣው?» እያለ ይጠብቀውና ገና ብቅ ሲል ያውቀው ነበር። ስለዚህ መክፈቻው እጁን ሰጠን፣ ስሙንና ፊቱን ነሳን። ሂችኮክ ያለው ግማሽ እውቀት ማለት ይህ ነው።

ከላይ የሚያይ ዓይን

ሦስተኛው መንገድ ካሜራው የሚቆምበት ቦታ ነው። የስታንሊ ኩብሪክ «ዘ ሻይኒንግ» በ1980 ሲከፈት ሥዕሉ ውብ ነው፤ በሞንታና የሚገኘው የግላሲየር ብሔራዊ ፓርክ፣ ሐይቅ፣ ጥድ፣ በረዶ የጫነ ተራራ። አንዲት ትንሽ ቢጫ ቮልስዋገን በጠመዝማዛ መንገድ ትወጣለች። ሄሊኮፕተር ላይ ያለው ካሜራ ከኋላዋ ይከተላታል፤ ይደርስባታል፤ ቀጥሎም ትቷት ገደሉ ላይ ይንሳፈፋል። ማን ነው የሚያየው? ሰው ቢሆን መኪናዋን አይለቅም ነበር። ወንዲ ካርሎስና ሬቸል ኤልካይንድ የሠሩት ማጀቢያ ደግሞ በምዕራብ ቤተ ክርስቲያን ለሙታን የሚዜመውን ጥንታዊ ዜማ በኤሌክትሮኒክ መሣሪያ የሚያጎላ ነው። ቤተሰቡ ገና ሆቴሉ ሳይደርስ ተስካሩ ተጀምሯል።

አስገራሚው ነገር፣ ከዚሁ ከሄሊኮፕተር ቀረጻ የተረፈው በ1982 ለ«ብሌድ ራነር» መጨረሻ ተሰጥቶ የነፃነት ጉዞ ማሳያ ሆኗል። ተራራውና ጥዱ የአንድ ሰሞን ቀረጻ ውጤት ናቸው፤ እዚያ ተስፋ፣ እዚህ ፍርሃት። ስለዚህ ፍርሃቱ ከሥዕሉ ብቻ አይመጣም፤ ከዜማውና ከስሞቹ ዝግታ፣ ከቦታው መክፈቻነትም ይመጣል። የመክፈቻ ሥዕል ውሉ ገና ያልተነበበለት ሥዕል ነውና ተመልካቹ የቀረበለትን ሁሉ ይጠረጥራል።

ስቲቨን ስፒልበርግ በ1975ቱ «ጆውስ» ይህንኑ ከውኃ ሥር አድርጎታል። ካሜራው የባሕሩን ወለል እየታከከ ሲዋኝ የጆን ዊሊያምስ ሁለት ድምፆች እየተቀራረቡ ይመጣሉ። ሰው የሚበላው ሻርክ ገና አልታየም፤ ዓይኑን ግን ተውሰናል።

ገና ያልተነበበ ፊደል

አራተኛው መንገድ ራሱ ፊደሉን ምሥጢር ማድረግ ነው። በ1979ኙ «ኤልየን» ሪቻርድ ግሪንበርግ የሠራው ታይትል በጨለማ ጠፈር ላይ ይመጣል። ከሸራው አናት፣ ተራርቀው፣ ትርጉም የሌላቸው ነጫጭ ጭረቶች አንድ በአንድ ብቅ ይላሉ፤ አንዱ ቀጥ ያለ፣ ሌላው ዘመም ያለ። ዓይን ሊያነብ ይሞክራል፣ አልሆን ይለዋል። ጭረት በጭረት ሲጨመርበት አምስት ፊደላት ይሆናሉ፤ ቃሉም ባዕድ ፍጡር ማለት ነው። ማንም አልጮኸም፣ ምንም አልዘለለም። ሆኖም በአካላችን ውስጥ አንድ ነገር ቀስ በቀስ ቅርጽ ሲይዝ ተሰምቶናል፤ ፊልሙም የሚያወራው ስለዚሁ ነው።

ይህን ሳይ ሁልጊዜ ስለ ፊደላችን አስባለሁ። የላቲኑ ሠሪ ፊደልን ለመሰነጣጠቅ ብልሃት መፈለግ ነበረበት። የእኛ ፊደል ግን በተፈጥሮው አካልና ምልክት አለው። «ለ» ወገቧ ላይ ጭረት ስትጨመርላት «ሉ»፣ እግሯ ሥር ስትሆን «ሊ»፣ ቀለበት ስትሆን «ሌ» ትሆናለች። አንድ ርእስ መጀመሪያ በግእዝ አካሉ ብቻ ታይቶ፣ ተመልካቹ በተሳሳተ ድምፅ እያነበበው ሳለ ጭረቶቹ አንድ በአንድ ቢመጡና ቃሉን ወደ ሌላ ቃል ቢለውጡት ልብ የሚያንጠለጥል ታይትል ከራሱ ከፊደሉ ይወለዳል። የሚደፍረው ዲዛይነር ቢገኝ ጥሬ ዕቃው እጃችን ላይ ነው።

ጣቢያው ላይ

እስካሁን ያየናቸው መክፈቻዎች ውጥረቱን የፈጠሩት በሥዕል፣ በዜማ ወይም በፊደል ነው። ሰርጂዮ ሊዮኔ ግን በ1968ቱ «ዋንስ አፖን ኤ ታይም ኢን ዘ ዌስት» ከዚህ ሁሉ በታች ያለውን ነገር ገለጠው።

ሦስት ካፖርት የለበሱ ሽጉጠኞች ብቸኛ በሆነ የባቡር ጣቢያ ይደርሳሉ። ባቡር ይጠብቃሉ። ከአሥር ደቂቃ በላይ የሚሆነው ይኸው ነው። የንፋስ መዘውሩ ያለ ቅባት ይንቋረራል፣ ሲጢጥ ይላል፣ ያርፋል፣ ሲጢጥ ይላል። ዉዲ ስትሮድ በውኃ ጋኑ ሥር ይቆማል፤ ጠብታ ራሱ ላይ ሲወርድ ቦታ አይቀይርም፤ ባርኔጣውን ያደርግና ጠብታው ባርኔጣው ላይ ጠብ፣ ጠብ እንዲል ይተወዋል፤ ኋላ ባርኔጣው ላይ የተጠራቀመውን ውኃ ይጠጣዋል። ሁለተኛው ጣቶቹን አንድ በአንድ ያንቋቋል። ጃክ ኢላም ላይ ዝንብ ታርፋለች፤ ጢሙ ላይ፣ ከንፈሩ ላይ። በትንፋሹ ሊያባርራት ይሞክራል፣ ትመለሳለች፤ በመጨረሻ በሽጉጡ አፈሙዝ ውስጥ ያስገባትና በጣቱ ደፍኖ ጩኸቷን ያዳምጣል። ኤንዮ ሞሪኮኔ የዘመኑ ታላቅ የፊልም ሙዚቀኛ ሆኖ ሳለ እዚህ ሙዚቃ የለም። በዚህ ሁሉ መካከል የባለሙያዎቹ ስሞች አንድ በአንድ፣ ያለ ችኮላ ይመጣሉ።

ይህን መክፈቻ ደጋግሜ ካየሁ በኋላ አንድ ነገር ገባኝ፤ የዚህ ዳሰሳ ፍሬ ሐሳብም እሱ ነው። ስሞቹ ራሳቸው ሰዓት ናቸው። ፊልም የለመደ ተመልካች ቅደም ተከተሉን ባይማረውም ያውቀዋል፤ ኩባንያው፣ ዋና ዋና ተዋንያን፣ ርእሱ፣ ከዚያ ሌሎቹ ተዋንያን፣ ሙዚቀኛው፣ ቀራጩ፣ ደራሲው፣ ፕሮዲዩሰሩ፣ በመጨረሻ ዳይሬክተሩ። የዳይሬክተሩ ስም ሲጠፋ የሚሆነው ይሆናል። እያንዳንዱ ስም እንደ ደወል ምት ነው፤ ወደማይቀረው ነገር አንድ እርምጃ ያቀርባል። ስሞቹ እስካሉ ድረስ ሰዎቹ ደኅና ናቸው፤ ሲያልቁ ግን ጥበቃ የለም። ሊዮኔ የጠብታውን፣ የመዘውሩንና የዝንቧን ድምፅ ከስሞቹ ጋር አሰለፋቸው፤ ሁሉም አንድ ሰዓት ቆጠሩለት። ባቡሩ መጥቶ ሲሄድ፣ ከሐዲዱ ማዶ ሃርሞኒካ ሲሰማ፣ ሽጉጡ የሚወስደው ሴኮንዶችን ብቻ ነው። እኛ ግን ሞቱን ከአሥር ደቂቃ በፊት ጀምረን እየሞትነው ነበር።

እዚህ ላይ ቆመን ወደ ኋላ ብናይ ሌሎቹም ይብራራሉ። የ«ሰቨን» ታይትል ሜትሮኖም ከተሰማ በኋላ መምጣቱ አጋጣሚ አይመስለኝም። የ«ኤልየን» ጭረቶች ቆጣሪ ናቸው፤ የ«ጆውስ» ሁለት ድምፆችም እንዲሁ። ጥሩ መክፈቻ ሁለት ነገር አሟልቶ ይይዛል፤ ግማሽ እውቀትና የሚቆጥር ሰዓት። አንዱ ሲጎድል ውበት ይቀራል፣ ውጥረቱ ግን ይሸሻል።

ሁለት ሰዓት በአንድ ግድግዳ

ይህን ሐሳብ የሚፈትን አንድ ፊልም አለ። የኦርሰን ዌልስ «ተች ኦፍ ኢቭል» በ1958 ሲወጣ የሚከፈተው በአንድ እጅ ነው፤ እጁ የፈንጂውን ሰዓት ይሞላል፣ ሮጦ መኪና የኋላ ዕቃ መጫኛ ውስጥ ያስቀምጠዋል። ባልና ሚስት የሚመስሉ ሰዎች ገብተው ይነዳሉ። ካሜራው ሳይቆረጥ ሦስት ደቂቃ ከምናምን ይከተላል፤ ከጣሪያ በላይ ይወጣል፣ ጎዳና ላይ ይወርዳል፣ በእግር ከሚሄዱ ሌሎች ጥንዶች ጋር መኪናዋን ያገናኛል፣ ያለያያል፣ የአሜሪካና የሜክሲኮን ድንበር ያሻግራል። ከዚያ ይፈነዳል።

ፊልሙን የያዘው ዩኒቨርሳል ስሞቹን በዚህ ትዕይንት ላይ ጻፈ፤ የሄንሪ ማንቺኒን ሙዚቃም አለበሰው። ዌልስ ፊልሙ ከእጁ ወጥቶ ሲቆረጥ አይቶ 58 ገጽ ማስታወሻ ጽፎ ነበር። በ1998 ዋልተር መርች በዚያ ማስታወሻ እየተመራ ፊልሙን እንደገና ሲያቀናብር ስሞቹን ከመክፈቻው አነሣ። በማንቺኒ ሙዚቃ ፈንታ ከየመጠጥ ቤቱ በርና ከመኪናው ሬዲዮ የሚወጣው ዘፈን ብቻ ይሰማል። መኪናዋ ስትርቅ ዘፈኑ ይርቃል፤ ስትቀርብ ይቀርባል፤ ሞቱም በጆሯችን ይሄዳል ይመጣል።

ሁለቱንም ደጋግሜ አይቻለሁ። ያለ ስም የተሠራው ይበልጣል ባይ ነኝ። ምክንያቱ ስሞች ውጥረትን ስለሚያደክሙ አይደለም፤ እዚህ ቦታ ላይ ቦምቡ አስቀድሞ ሰዓት ስለሆነ ነው። በአንድ ግድግዳ ላይ ሁለት ሰዓት ሲሰቀል ተመልካቹ የትኛውን እንደሚያይ አያውቅም። ዓይኑ ስም ሲያነብ መኪናዋን ይረሳታል። ሊዮኔ ጣቢያ ላይ ግን ሌላ ሰዓት አልነበረም፤ ስለዚህ ስሞቹ ተፈለጉ። ትምህርቱ ለሠሪ ጠቃሚ ነው፤ ታሪኩ የራሱ ቆጣሪ ካለው ስሞቹን ለመጨረሻ አቆይ፤ ከሌለው ስሞቹን ቆጣሪ አድርጋቸው።

«ዝለል» የሚለው ቁልፍ

መክፈቻ ታይትል አያስፈልግም የሚሉም አሉ፤ ክርክራቸው ቀላል አይደለም። ጆርጅ ሉካስ በ1977 «ስታር ዋርስ»ን ያለ ባለሙያ ስም ከፈተው፤ ወደ ጠፈር ጥልቀት የሚርቅ ጽሑፍ፣ ከዚያ ከራሳችን በላይ የሚያልፍ፣ አላልቅ ያለ መርከብ። በ1980 በቀጣዩ ፊልም የዳይሬክተሩ የኧርቪን ከርሽነር ስም መጨረሻ ላይ በመደረጉ የአሜሪካ ዳይሬክተሮች ማኅበር ቅጣት ጣለ፤ ሉካስም ከማኅበሩ ወጣ። የፍራንሲስ ፎርድ ኮፖላ «አፖካሊፕስ ናው»ም በ1979 ያለ ስም በጫካና በእሳት ተከፈተ። ዛሬ ብዙ ትልልቅ ፊልሞች ስሞቹን ሁሉ መጨረሻ ላይ ያደርጋሉ። ቢሆንም የሉካስ ጽሑፍ ራሱ እየራቀ የሚያልቅ ቆጣሪ ነው። ስሙን አስወገደ እንጂ ሰዓቱን አላስወገደም።

የከበደው ፈተና የመጣው ከቤት ውስጥ ነው። ኔትፍሊክስ በ2017 መግቢያውን የሚያዘልል ቁልፍ አስገባ፤ በ2022 ኩባንያው እንዳስታወቀው ቁልፉ በቀን 136 ሚሊዮን ጊዜ ይጫናል። የልጅነቴ አጫዋች ሪሞት በየቤቱ ገባ ማለት ነው። ተመልካቹን አልወቅስም፤ የተከታታይ ድራማ አሥረኛ ክፍል ላይ ያንኑ ዘፈን መስማት ይሰለቻል። ሠሪዎቹ ግን መልስ አላጡም። በ2011 የጀመረው «ጌም ኦፍ ትሮንስ» መክፈቻው ላይ ያለው ካርታ ታሪኩ እንደሚሄድበት አገር ከክፍል ክፍል ይለዋወጣል፤ ስለዚህ የሚያይ ሰው «ዛሬ ወዴት ነው?» ብሎ ይጠብቃል። መክፈቻው አዲስ ግማሽ እውቀት እስከያዘ ድረስ የሚዘለው ሰው ከታሪኩ ይጎድልበታል።

ወደ እኛ ቤት

እኛ አገር በሚሠሩ ፊልሞች ብዙ ጊዜ የማየው መክፈቻ ከላይ የተነሣ የአዲስ አበባ ሥዕል፣ የስፖንሰሮች ዝርዝርና የፍቅር ዘፈን ነው። ታሪኩ ግድያም ይሁን ሠርግ መክፈቻው ያው ነው። ይህን የምለው ለመንቀፍ አይደለም፤ ገንዘቡ ትንሽ፣ ቀኑ አጭር መሆኑን አውቃለሁ። ነገር ግን ከላይ ያየናቸው አንዳንዶቹ ታይትሎች በወረቀት፣ በሣጥንና በከለር እርሳስ የተሠሩ ናቸው። ያስከፈሉት ብዙ ሐሳብ ነው።

የራሳችን ሰው የሠራው ታላቅ ምሳሌም አለ። ጎንደር የተወለደው ኃይሌ ገሪማ በ1993 ያወጣው «ሳንኮፋ» የሚከፈተው በከበሮና በጥሪ ነው። ጋናዊው ከበሮ መቺ ኮፊ ጋናባ ይመታል፤ አንድ ድምፅ በባርነት የተወሰዱትን፣ አጥንታቸው በባዕድ ምድርና በባሕር የቀረውን ሙታን ተነሡ፣ ታሪካችሁን ተናገሩ እያለ ይጠራል። ገና ታሪክ አልተጀመረም። ከበሮው ግን ይቆጥራል፤ የተጠሩት መምጣታቸው አይቀርም። ዘመናዊቷ ሞዴል ሞና የባሪያ ንግዱ ምሽግ ውስጥ እየሳቀች ፎቶ ስትነሣ እኛ ማን እንደተጠራ ሰምተናል፤ እሷ አልሰማችም። ግማሽ እውቀቱም ሰዓቱም በአንድ ከበሮ ውስጥ አሉ። ይህ ብልሃት ለእኛ ባዕድ አይደለም፤ ተረት ነጋሪ «ተረት ተረት» ብሎ መልሳችንን የሚጠብቀው ሥራውን ስለሚያውቅ ነው። ሳንመልስለት አይጀምርም።

የሰማና ያየ

ወደ ቪዲዮ ቤቱ ልመለስ። «ሰቨን» ወደ ማብቂያው ሲቃረብ ገዳዩ ሸሚዙ በደም ተበክሎ፣ የጣቱ ጫፎች በፕላስተር ተሸፍነው፣ በእግሩ ሄዶ ለፖሊስ እጁን ይሰጣል። አሻራ ያልተገኘው የጣቱን ቆዳ እየላጠ ስለነበር መሆኑን የፖሊስ አለቃው ይናገራል። አግዳሚው ላይ የነበርን ልጆች «አሃ» አልን። ተነገረን፣ ገባን፣ አለፈ።

መክፈቻውን ያየ ሰው ግን ያን ሲሰማ «አሃ» አይልም። ምላጩን ያስታውሳል። ከአንድ ሰዓት ተኩል በፊት ስሞቹ እየተቧጨሩ ሲያልፉ ያ እጅ ዓይኑ ሥር ሠርቷል፤ ምን እያየ እንደነበር አላወቀም እንጂ አይቷል። አገራችን ሽማግሌ ፊት ሲቆም የሰማና ያየ እኩል አይመሰክርም። አጫዋቹ ሁለት ደቂቃ አተረፈልን፤ ከዓይን ምስክርነት ግን ወደ ወሬ ሰሚነት አወረደን።